ጉድጓዱ ክፍት ሳለ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ነው። ባለቤቴ ለሥራ ዱባይ ስለሆነ ከሦስት ልጆቼ፣ ከእናቴና ከእህቴ ጋር ነኝ። የድሮው የመጸዳጃ ጉድጓድ ስለሞላ አዲስ ሴፕቲክ ታንክ ለማስቆፈርና ከመታጠቢያ ቤቱ የሚወጣውን ቧንቧ ለመቀየር ፈለግኩ። ጎረቤቴ ካመጣልኝ ሰው ጋር በቃል ተስማማን። ጉድጓዱ 4 ሜትር በ2.5 ሜትር ሆኖ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ነበር። ግማሹን ብር ወሰደ። 1.5 ሜትር ላይ ሲደርስ ድንጋይ ወጣ ብሎ ዋጋው እጥፍ ይሁን አለ። እምቢ ስለው ጠፋ፤ ስልክም አያነሳም። አሁን ሌላ ሰው መጥቷል። በአንድ ወር ሁሉንም እጨርሳለሁ ይላል፣ ግን 70 በመቶ ቅድሚያ ይፈልጋል። የድሮውንም ጉድጓድ ልጆች አስገብቼ አስጠርጌ ከአዲሱ ጋር አገናኘዋለሁ ብሏል። ስለ ሥራው ስጠይቀው "ባለቤትሽ ሲመጣ እንነጋገራለን" ይለኛል። ጉድጓዱ ከግንብ አጥሩ አንድ ሜትር ያህል ነው የሚርቀው። ክረምቱ ደግሞ ደረሰ። ልክፈለው ወይስ ልተወው?»

ጉድጓድ ያስጨነቃት፣ ከአያት

እህቴ፣ 70 በመቶውን አትክፈይ። አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ረጅሙ መልስ ግን ከብሩ አይጀምርም። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ያሳሰበኝ ግቢሽ ውስጥ ክፍት ሆኖ የሚያድረው ጉድጓድና ሦስቱ ልጆችሽ ናቸው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ጉድጓዱን ዙሪያውን በእንጨትና በቆርቆሮ አስከልዪው። በጣውላ ብቻ መክደን አይበቃም፤ ልጅ ይወጣበታል፣ ጣውላው ይንሸራተታል። መከለያው ቦታ በፈቀደ መጠን ከጠርዙ አንድ ሜትር ይራቅ። የወጣው አፈር ጠርዙ ላይ ተከምሮ ከሆነ ወደ ኋላ አስገፊው። ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር መራቅ አለበት፣ አንድ ሜትር ቢሆን ይሻላል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ይመዝናል፤ ያ ሁሉ ክብደት የጉድጓዱን ጎን ወደ ውስጥ እየገፋው ነው። ከጣራና ከግቢ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ወደዚያ እንዳይሄድም ትንሽ ቦይ አስቀድጂለት። በምሥራቅና በደቡብ አዲስ አበባ ብዙ ሠፈር ጥቁር አፈር ላይ ነው ያለው። ይህ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። የተሰነጠቀ የጉድጓድ ጎን ዝናብ ሲጠጣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚናደው።

ሁለተኛው አስቸኳይ ነገር ስለ ድሮው ጉድጓድ ነው። ማንም ሰው እዚያ ውስጥ አይግባ። ልጅም አይግባ፣ ትልቅ ሰውም አይግባ፣ በገመድ ታስሮም አይግባ። እባክሽ በዚህ ላይ አትደራደሪ። የሞላ የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ መርዛማ ጋዝ አለ። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይባላል፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው። ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ስለሚገድል ሰውየው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ፣ አንዳንዴም በጥቂት ትንፋሽ ራሱን ይስታል። እሱን ላወጣ ብሎ የሚገባው ሁለተኛው ሰውም እዚያው ይቀራል። በብዙ አገር በእንዲህ ዓይነት አደጋ አንድ ሰው ብቻ አይሞትም፤ ወንድም ለወንድሙ፣ አባት ለልጁ ሲገባ ተከታትለው ያልቃሉ። «ልጆች አስገብቼ አስጠርጋለሁ» ያለሽ ሰው ወይ ይህን አያውቅም፣ ወይ እያወቀ የሰው ልጅ ነፍስ ርካሽ ሆናበታለች። ሁለቱም ሥራውን እንዳትሰጪው በቂ ምክንያት ናቸው። አዲሱ ሥራ ሲጀምር የድሮው ጉድጓድ በመምጠጫ መኪና ይመጠጣል፤ ከዚያ በድንጋይና በአፈር ይደፈናል። ከአዲሱ ጋር የሚገናኝበት ምንም ምክንያት የለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሰው ልመለስ። ምናልባት «የሄደው ሄደ» ብለሽ ትተሽው ይሆናል። ግን ሌላ ሠራተኛ አንድ አካፋ አፈር ከማንሳቱ በፊት የሠራውን ለኪው። ሜትር ያዢ፣ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ጥልቀቱን አራቱም ማዕዘን ላይ ለኪ፣ ሜትሩ እንዲታይ አድርገሽ ፎቶ አንሺ። ሁለት ሰው በተገኘበት ቀኑን ጽፋችሁ ተፈራረሙ። አንዱ ያንን ሰው ያመጣልሽ ጎረቤት ቢሆን ጥሩ ነው። አዲስ ሠራተኛ ከገባ በኋላ የማን ሥራ የት ድረስ እንደነበር ማንም ሊያሳይሽ አይችልም።

ስሌቱንም እንሥራው። የተስማማችሁት 25 ሜትር ኩብ ነው። የተቆፈረው 15 ነው፣ የቀረው 10። እሱ ግን ድንጋይ ወጣ ብሎ የሙሉውን ሥራ ዋጋ እጥፍ ጠየቀሽ። ድንጋይ መውጣቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ድንጋይ በእርግጥም ከአፈር ይወደዳል። የሚጨመረው ግን በቀረው 10 ሜትር ኩብ ላይ እንጂ ከታንኩ ግንብ፣ ከቧንቧውና ቀድሞ ከወጣው አፈር ጋር ምን አገናኘው? ይህን ስሌት ይዘሽ በጎረቤትሽ በኩል ሽምግልና ላኪበት። ሰውየው መጥፎ ላይሆን ይችላል። ዋጋ ሲሰጥ ድንጋይ አላሰበም፣ ኪሳራ ሲመጣበት ደነገጠና ሸሸ። እንዲህ ያለው ሰው መውጫ ካገኘ አንዳንዴ ይመለሳል፤ ቢያንስ ያልሠራበትን ብር ከፊሉን ይመልሳል።

ሽምግልናው ካልሆነ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጪው። «እስከዚህ ቀን ድረስ ሥራህን ካልቀጠልክ በሌላ ሰው አሠራለሁ፣ ኪሳራውንም እጠይቃለሁ» የሚል አጭር ወረቀት ይበቃል፤ መድረሱን የሚመሰክር ሰው ይኑር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በመርህ ደረጃ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ «ውሉን አልፈጸመም» ብሎ መክሰስ አስቸጋሪ ነው። ክስ ድረስ ላትሄጂ ትችያለሽ። ወረቀቱ ግን ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅም፣ ሌላ ሠራተኛ ለማስገባትም ነፃ ያደርግሻል።

ቀጥሎ የምነግርሽ ምናልባት ያልጠበቅሽው ነው። እኔ አንቺን ብሆን ቁፋሮውን አሁኑኑ አላስቀጥልም። መጀመሪያ ይህ ታንክ ምን ያህል እንደሚያገለግልሽ አስባለሁ።

25 ሜትር ኩብ ጉድጓድ ሲባል ትልቅ ይመስላል። ግድግዳውና ወለሉ ቦታ ይይዛሉ፤ ከላይም ባዶ ቦታ ይቀራል። ውሃ የሚይዘው 15 ሜትር ኩብ ያህል ነው እንበል፤ 15,000 ሊትር ማለት ነው። ስድስት ሰው ናችሁ። እያንዳንዳችሁ በቀን 80 ሊትር ብትጠቀሙ 480 ሊትር ይሆናል። ታንኩ ዙሪያው ተዘግቶ ውሃው መሄጃ ከሌለው በአንድ ወር ይሞላል። በየወሩ መምጠጫ መኪና መጥራት ማለት ነው! ሴፕቲክ ታንክ ለዓመታት የሚያገለግለው ከታንኩ የሚወጣው ውሃ መሬት ውስጥ የሚሰርግበት ቦታ ሲኖረው ነው። ጥቁር አፈር ደግሞ ውሃ አያሰርግም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው «አዲስ ጉድጓድ አስቆፍሬ በሦስት ወር ሞላብኝ» ብሎ ቆፋሪውን የሚረግመው በዚህ የተነሳ ነው። ቆፋሪው የተነገረውን ቆፍሯል። አፈሩን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አፈሩን መጠየቅ ቀላል ነው፤ ብዙ ወጪም የለውም። የማስረጊያው ጉድጓድ ይሆናል በተባለው ቦታና ጥልቀት 30 ሴንቲሜትር ስፋትና ጥልቀት ያላት ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል። ውሃ ሞልቶ ይታደራል፤ አፈሩ እንዲጠግብ ነው። በማግስቱ 15 ሴንቲሜትር ያህል ውሃ ይጨመርና በየግማሽ ሰዓቱ ምን ያህል እንደወረደ ይለካል። በሰዓት ከ2.5 ሴንቲሜትር በታች ከወረደ ያ ቦታ ለተለመደው ማስረጊያ አይሆንም። ከስሩ ያለው ዓለት የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ ውሃው በፍጥነት ሊጠፋ ይችላል። ያ ግን ደስ አያሰኝም፤ ሳይጣራ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሄዳል። አጠገባችሁ የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ቤት ካለ ማስረጊያው ከዚያ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ሄደሽ የፍሳሽ መስመር በሠፈርሽ ማለፉን ጠይቂ። ካለፈ ወይም ሊያልፍ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል። ሰዉ ይህን ሳይጠይቅ ብዙ ብር መሬት ውስጥ ይቀብራል።

ስለ ድንጋዩም አንድ ነገር ልጨምር። ዓለቱን የግድ መስበር የለብሽም። ሴፕቲክ ታንክ ከ1 ሜትር እስከ 1.8 ሜትር የውሃ ጥልቀት ካለው ይሠራል። ግቢሽ ቦታ ካለው ጠልቆ ከመሄድ በርዝመት ማሳደግ ይቻላል። ከቤቱ የሚመጣው ቧንቧ በምን ጥልቀት እንደሚገባ ታይቶ ነው የሚወሰነው፤ ለዚህ አንድ የሳኒተሪ (የውሃና የፍሳሽ) መሐንዲስ ለግማሽ ቀን ከፍለሽ አምጪ። ለእሱ የምትከፍዪው 10 ሜትር ኩብ ዓለት ለማስቦርቦር ከምትከፍዪው እጅግ ያንሳል። መሐንዲሱ ሥራውን የሚወስደው ሰው ወዳጅ አይሁን።

መሐንዲሱ አጥሩንም ይየው። እንደ መነሻ የምንጠቀምበት ልማድ አለ፤ ጉድጓዱ ከግንቡ መሠረት በታች የሚጠልቀውን ያህል ከግንቡ መራቅ አለበት። ያንቺ 2.5 ሜትር ቢደርስና የአጥሩ መሠረት 60 ሴንቲሜትር ቢሆን ወደ ሁለት ሜትር ርቀት ይፈልጋል። አሁን ያለው አንድ ሜትር ነው። አጥሩ ወደ ጎረቤት ቢወድቅ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። በርዝመት ማሳደጉን የመረጥኩት ለዚህም ጭምር ነው።

አሁን ሰው ስለመቅጠር እንነጋገር። የመሬት ውስጥ ሥራ ከሌላው የቤት ሥራ የሚለይበት ነገር አለ። ቀለም ቢበላሽ ታያለሽ፣ በር ቢጣመም ታያለሽ። ቧንቧ ግን አፈር ከለበሰ በኋላ ጥሩውም መጥፎውም አንድ ነው። ስለዚህ ክፍያሽ ሁሉ ጉድጓዱ ክፍት ሳለ ከምታዪው ነገር ጋር ይታሰር። ሳታዪ አይደፈንም፤ ሳይደፈን የታየው ይከፈላል። ከዚህ ደብዳቤ ሌላው ሁሉ ቢረሳሽ ይሄ አይርሳሽ።

ቅድሚያ ክፍያ መጠየቁ በራሱ ጥፋት አይደለም። ሠራተኛ መሣሪያ ማምጣት፣ ለቀን ሠራተኞች መክፈል አለበት። ግን 70 በመቶ ምን ያደርግለታል? መንግሥት እንኳ ለትልልቅ የግንባታ ውሎች ሲሰጥ የኖረው ቅድሚያ ከ30 በመቶ አይበልጥም፣ እሱንም በዋስትና ነው። አንቺ ዋስትና የለሽም። 20 በመቶ ስጪ። ዕቃውን ራስሽ ግዢ። ሠራተኛው ዝርዝሩን በጽሑፍ ይስጥሽ፤ የቧንቧውን ዓይነት፣ ስፋት፣ ብዛት ይጻፍ። ከዚያ አብራችሁ ሄዳችሁ ደረሰኙ በስምሽ ይቆረጥ። እሱ የእጅ ዋጋ ብቻ ይውሰድ። ዕቃው በእጅሽ ከሆነ ሠራተኛ ቢጠፋ እንኳ የሚጠፋብሽ ትንሽ ነው።

የቀረውን እንዲህ ከፋፍዪው። ጉድጓዱ ሙሉ ጥልቀቱ ላይ ደርሶ ስትለኪው አንድ ክፍያ። የታንኩ ግንብና ልስን አልቆ፣ ክዳኑ ሳይሠራ ውሃ ተሞልቶ ሲፈተን ሌላ ክፍያ። ፈተናው ከባድ አይደለም። ታንኩ ይሞላል፣ ግንቡ የሚጠጣውን እንዲጠጣ አንድ ቀን ይቆያል፣ ይሞላና ምልክት ይደረግበታል። በማግስቱ ውሃው ከምልክቱ ጉልህ ሆኖ ከወረደ ታንኩ ያፈሳል። ግንቡ በብሎኬት ከሆነ ቀዳዳዎቹ በኮንክሪት መሞላታቸውን ሲሠራ ቆመሽ እዪ፤ ባዶ ብሎኬት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከዚያ ቧንቧዎቹ ተዘርግተው፣ ተፈትነው፣ አፈር ሳይመለስ ሦስተኛ ክፍያ። አፈሩ ተመልሶ፣ ተረግጦ፣ ትርፉ ሲወጣ አራተኛ። 10 በመቶውን ግን ያዢው። መስከረም እስኪጠባ ያዢው። ክረምት ያላየ የመሬት ሥራ አልተፈተነም፤ መሬቱ የሚሰምጠውም፣ ታንኩ የሚያፈሰውም ያኔ ነው የሚታወቀው። ሠራተኛው በዚህ ቅር ቢለው ይገባኛል። ግን በሥራው የሚተማመን ሰው ይስማማል።

ትርፍ አፈር ያልኩት ብዙ ሰው ይረሳዋል። የተቆፈረ አፈር ይነፋል፤ 25 ሜትር ኩብ ሲወጣ ከ30 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። ባለ 16 ሜትር ኩብ ሲኖትራክ ሁለት ጊዜ መመላለስ አለበት። የማን ወጪ ነው? የት ይደፋል? ካልተጻፈ በመጨረሻው ቀን የሚነሳው ጠብ ይሄ ነው።

ውሉ ውስጥ ለቁፋሮ አንድ ዋጋ አታስጽፊ። ሦስት ዋጋ ይጻፍ፤ ለተራ አፈር በሜትር ኩብ ይህን ያህል፣ ለለስላሳ ድንጋይ ይህን ያህል፣ ለጠንካራ ዓለት ይህን ያህል። ድንጋይ ሲወጣ ሥራው ይቆማል፣ ሁለታችሁም ቆማችሁ ትለካላችሁ፣ ትፈራረማላችሁ፣ ይቀጥላል። ይህ አንድ መስመር ቀድሞ ተጽፎ ቢሆን የመጀመሪያው ሰው አይሸሽም ነበር። ወረቀቱ ላይ ሁለታችሁም፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። የሠራተኛው መታወቂያ ቅጂ፣ የሥራ ፈቃድና ቲን ቁጥር ካለውም አብሮ ይያያዝ።

ሕጉ ደግሞ ከምትገምቺው በላይ ካንቺ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 3039፣ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የግንባታ ሥራ የሠራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለአሥር ዓመት ዋስትና እንዳለበት ይናገራል። በሥራው ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚመጣ ብልሽትም ይጠየቃል። ይህን ዘመን የሚያሳጥር የውል ቃል ዋጋ የለውም። አንድ ሠራተኛ «ለስድስት ወር ዋስትና እሰጥሻለሁ» ሲልሽ ይሄን አስታውሺ። ያንቺ ጉዳይ በዚህ ሥር መውደቁን ክርክር ቢመጣ ጠበቃ ያይልሻል። ሠራተኛው ግን አንቺ እንደምታውቂው ይወቅ።

ሰውየውን ራሱን እንዴት ትመርጪዋለሽ? «ስንት ዓመት ሠርተሃል?» ብለሽ አትጠይቂው፤ ሁሉም አሥር ዓመት ነው የሚልሽ። «ካቻምና የሠራኸውን ሴፕቲክ ታንክ አሳየኝ» በይው። ካቻምና ያልኩት ሁለት ክረምት ያለፈበትን እንድታዪ ነው። ቤቱ ሂጂ፣ የቤቱን እመቤት ለብቻዋ አናግሪያት። ታንኩ በየስንት ጊዜው ይመጠጣል? ግቢው ይሸታል? መሬቱ ሰመጠ? ሰውየው ሲጠሩት መጣ? ይህ ግማሽ ሰዓት ከማንኛውም ወረቀት ይበልጣል። ለቧንቧው ሥራ ደግሞ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ማረጋገጫ ያለው ሰው ጠይቂ። ቁፋሮና ቧንቧ ሁለት ሙያ ነው፤ አንድ ሰው ሁለቱንም እችላለሁ ካለ ቧንቧውን የሚሠራለትን ሰው አግኚውና አነጋግሪው።

ስለ ቧንቧው የምልሽ አጭር ነው። ለፍሳሽ ባለ 110 ሚሊሜትር ፒቪሲ ይበቃሻል። ተዳፋቱ በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ይውረድ። ይህን በውሃ ልክ ወይም በቀጭን የውሃ ጎማ ራስሽ ማየት ትችያለሽ። ከታች ድንጋይ ሳይሆን 10 ሴንቲሜትር ያህል አሸዋ ይነጠፍ፤ ጥቁር አፈር ላይ በቀጥታ የተጋደመ ቧንቧ አፈሩ ሲያብጥና ሲሸሽ ይሰበራል። ማዕዘን በሚታጠፍበት ሁሉ ማንሆል (ተከፍቶ የሚታይበት ጉድጓድ) ይኑር። ከመደፈኑ በፊት የታችኛው ጫፍ ይዘጋና ውሃ ይሞላበት፤ ካልወረደ መገጣጠሚያዎቹ ጥሩ ናቸው። ለንጹሕ ውሃ የሚዘረጋው ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ደግሞ በግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ይሞከር፤ ሮቶውን ከፍቶ «ይኸው አያፈስም» ማለት ሙከራ አይደለም። ሮቶ በየ10 ሜትር ከፍታው አንድ ባር ግፊት ብቻ ነው የሚሰጠው። የከተማው መስመር ሌሊት ሲመጣ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ከቆጣሪው ወዲያ ማዶ ያለውን ግን ማንም እንዳይነካ፤ እሱ የባለሥልጣኑ ነው። አፈሩም ሲመለስ በአንዴ አይገልበጥ፤ በ20 ሴንቲሜትር እየተነጠፈ ይረገጥ።

ቆፋሪዎቹንም አደራ። ጥልቀቱ ከ1.5 ሜትር ካለፈ ጎኖቹ በእንጨትና በጣውላ መደገፍ ወይም ወደ ውጭ ተዳፋት ሆነው መቆረጥ አለባቸው። መሰላል ሁልጊዜ ይግባ። አንድ ሰው ብቻውን እዚያ ውስጥ አይሥራ። ዝናብ በዘነበ ማግስት ማንም ሳይገባ ጎኖቹ ይታዩ። ለእንጨቱ የሚወጣውን ወጪ ውሉ ውስጥ አስገቢው፤ ሠራተኛው ዋጋ ለማሳነስ መጀመሪያ የሚቀንሰው እሱን ነው። ከገጠር መጥተው በቀን ሒሳብ የሚቆፍሩት ልጆች «ይሄ አስፈሪ ነው» ብለው የመናገር አቅም የላቸውም፤ ሥራውን ያጡታል። ግቢው ያንቺ ስለሆነ አንቺ መናገር ትችያለሽ።

«ባለቤትሽ ሲመጣ እንነጋገራለን» ስላለሽ ሰው ልመልስልሽ። ከፋዩዋ አንቺ ነሽ። ጉድጓዱ የሚቆፈረው አንቺ በምትኖሪበት ግቢ ነው፣ የምትፈርሚውም አንቺ ነሽ። ጥያቄ ስትጠይቂው የማይመልስልሽ ሠራተኛ ችግር ሲገጥመውም አይነግርሽም። ይሄ ንቀት ብቻ አይደለም፤ ለሥራው አደገኛ ነው። ባለቤትሽን በስልክ አማክሪው፣ ውሉንም ፎቶ አንስተሽ ላኪለት። ሠራተኛው ግን ሪፖርት የሚያደርገው ላንቺ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ይወቅ። ሜትሩን በእጅሽ ይዘሽ አንድ ጊዜ ስትለኪ ካየሽ አነጋገሩ ራሱ ይቀየራል። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ክረምት ሊገባ ሲል በጥቁር አፈር ላይ አዲስ ቁፋሮ መጀመር አልመክርም። ሰኔ ከገባ በኋላ ቀን የተቆፈረው ሌሊት ይሞላል። ግን ጉድጓድሽ ተከፍቷል፤ ሁለት ምርጫ አለሽ። መሐንዲሱ በዚህ ሳምንት ዓይቶት ባለው 1.5 ሜትር መሥራት ይቻላል ካለና ግንቡ ዝናቡ ሳይጠነክር ሊያልቅ ከቻለ ግፊበት። ካልሆነ ጎኖቹን አስደግፈሽ ወይም አፈሩን መልሰሽ እስከ ኅዳር አቆዪው። እስከዚያ የድሮውን ጉድጓድ አስመጥጪ፤ የልብስና የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ወደዚያ እንዳይሄድ ብታደርጊ ረዘም ላለ ጊዜ ያቆይሻል። የተቆፈረን አፈር መልሶ መሙላት እንደሚያናድድ አውቃለሁ። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን መሬቱ ደረቅ ነው፣ ዝናብም እምብዛም የለም፣ ሠራተኛም ረጋ ብሎ ይሠራል፤ ዋጋም ላይ መደራደር ትችያለሽ።

ቁፋሮው ከጉድጓዱ ውጭ ወደ ደጅ የሚወጣ ከሆነ የመብራትና የስልክ ኬብል የት እንደሚያልፍ ከሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ሳትጠይቂ አታስጀምሪ። አስፋልት ወይም ኮብልስቶን የሚነካ ከሆነም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ለሁለተኛው ሰው የምትነግሪውን ላጠቃልልልሽ። «20 በመቶ እሰጥሃለሁ፣ ዕቃውን እኔ እገዛለሁ፣ የድሮው ጉድጓድ ውስጥ ማንም አይገባም፣ አፈር ከመመለሱ በፊት እለካለሁ፣ 10 በመቶው ለመስከረም ይቀራል» በይው። ከተስማማ፣ ካቻምና የሠራውን ቤት ካሳየሽና መሐንዲሱ ካመነበት አነጋግሪው። ካልተስማማ ይሂድ። የውሉን ረቂቅ ከመፈረምሽ በፊት ስልክ ቁጥርና ስም አጥፍተሽ ላኪልኝ፣ አይቼ እመልስልሻለሁ።